የማይነካው ሰው

«አንቺ እንኳ ስለ ሰው ባሕርይ የተማርሽ ነሽ፤ እህትሽን ምን ገደላት?» አሉ አክስት ቱልሺ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ማንዲራ እየገፉ።

የማንዲራ እህት ሲርጃና ለቤት ሠራተኝነት ከሄደችበት ዓረብ አገር በሬሳ ሣጥን ነው የመጣችው። ከስልኳና «ራሷን አጠፋች» ከሚል ቃል በቀር አብሯት የመጣ ነገር የለም። ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለው፣ እንደ ሂንዱ ወጋቸው እዚሁ መንደሩ ወንዝ ዳር አቃጠሏት።

«ምን ይጠየቃል?» አለ የሲርጃና ባል ካጌንድራ ከጥጉ። ነጭ ተጠቅልሎ ጭድ ላይ ተቀምጧል። ሐዘኑ እስኪወጣ ጨው አይቀምስም፤ ማንም አይነካውም፤ የነካው ሥርዓቱን ያፈርስበታል። «ልቧ ስስ ነበር። በትንሽ በትልቁ ማልቀስ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ከቤቷ ከወጣች ትሰበራለች። የተማርሽበት መጽሐፍም ይላል አይደል? ንገሪያቸው እንጂ!»

ይላል። ማንዲራ ባሕር ማዶ በዚሁ ተፈትና አልፋለች፤ ስጉ የሆኑት ለድብርት ቅርብ ናቸው። አሁን «አዎ» ካለች መንደሩ ያምናታል፤ ሲርጃናም ልበ ስስ እንደተባለች ትቀራለች።

ማልቀሱንስ ታለቅስ ነበር። ወንዙ ድልድዩን በወሰደበት ክረምት፣ ማንዲራን ለፈተና አዝላ ገመድ ይዛ ስታሻግራት፣ እሪ እያለች ነበር። ገመዱን ግን አልለቀቀችም። ማዶ ደርሳ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ይህን ሁሉ አስለቅሰሽኝ ፈተናውን ውደቂና ታያለሽ!» አለቻት።

«በማልቀስማ ቢሆን እኔ ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር በሞትኩ» አሉ አክስት ቱልሺ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑ።

ካጌንድራ ደሙ ፈላ። «እናንተ መች ሰማችኋት! በስልክ፣ በሩን ይቆልፉብኛል፣ ልምጣ ትላለች፤ ነጋ ጠባ ልምጣ! ኋላማ ማንሳቱን ተውኩት። ባነሳ ትመጣ ነበራ! በምትልከው ብር የምሠራው ቤት ገና ጣሪያ አልነበረውም።»

ማንዲራ ቀና ብላ አዲሱን ቆርቆሮ አየች። ከዚያ ብድግ ብላ እጇን ወደ ትከሻው ሰነዘረች።

«ኧረ እንዳትነኪው!» ጮኹ ሴቶቹ።

ብትነካው መንደሩ የሚያዝነው ለእሱ ነው። እጇን ሰበሰበች።

«አክስቴ፣ ልቧ ስስ አልነበረም» አለች። የሲርጃናን ስልክ ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ አንዲት ቃል ጻፈችና ላከች።

በካጌንድራ ጉልበት ሥር ያለው ስልክ በራ። የሚስቱን ስም አየ። ከሥሩ፣ «ልምጣ?» ይላል።

ሁሉም ጠበቁት። አሁንም ሳይመልስ፣ ስልኩን ቀስ አድርጎ በመስታወቱ ጭዱ ላይ ደፋው።