በበርሜሉ ውሃ ብቻ

ግቢያችን ላይ ሲሚንቶ ላስደፋ ብሎ የተነሳው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሹፌር ነው፤ ሚኒባሱን መንገድ ላይ ማሳደር ሰልችቶታል። እኔ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ የማይጠግበውን፣ ለማንም የማይረባውን ሣር ነቅዬ ጎመንና ቲማቲም ተከልኩ። ጣሪያው ላይ አሸንዳ አሰርቼ፣ ከሥሩ በርሜሎች ደርድሬ የዝናቡን ውሃ አጠራቀምኩ። አፈሩ ቶሎ እንዳይደርቅ ጭድ አለበስኩት። የተበሱ የውሃ ፕላስቲኮች ከየችግኙ ጎን ቀበርኩ፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ዘንድ እንዲደርስ።

ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አባባ ፈረዱ።

«በበርሜሉ ውሃ ብቻ በጋውን ካሻገርሽው ግቢው ያንቺ ነው። የቧንቧ ውሃ ከነካው ግን ሲሚንቶ ይደፋበታል። ጨረስኩ።»

«እትዬ፣ የሚኒባሱን ቦታ ልለካ?» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

«መጀመሪያ ምላስህን ለካ!»

መጀመሪያ ላይ ሁሉም አማረ። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ጎመኑ አንገቱን ደፋ። ጠምቶት ነው ብዬ ከበርሜሉ ጨመርኩለት። ይባስ ጠወለገ። ደግሜ ጨመርኩ። ይባስ! ነገሩ ዞረብኝ። ስለ ዝናብና ስለ ወንዝ ሳስተምር የኖርኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አንዲት የጎመን መደብ እንዴት ታሳብደኛለች? ተጠያቂ ፈለግሁ፤ ሩቅም አልሄድኩ።

«ምን ደፋህበት? ጨው ነው? ናፍጣ?»

«ማን፣ እኔ?»

«አዎ፣ አንተ! ዓይንህን በጨው አጥበህ ደግሞ ትጠይቀኛለህ!»

«ጤነኛ ነሽ፣ እትዬ?»

በንዴት አንዱን ጎመን ከነሥሩ መነገልኩት። ሥሩ ጠቁሯል፤ ይሸታል። ጭዱ ሥር ያለው አፈር ደግሞ ጭቃ ነው። በዚያ ሐሩር፣ ጭቃ! ጎመኑ ጠምቶት አይደለም የሚሞተው፤ ሰጥሞ ነው። በርሜሎቼ ግን ገና ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበሩ። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። አባባ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። ከቧንቧው ጆግ ሙሉ ውሃ ቀድተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ መደቡ ላይ አንቆረቆሩት።

«አባባ!»

ጆጉ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «ልጄ፣ አንጀቴን በላው። አንገቱን ደፍቶ እያየሁት ዝም ማለት አቃተኝ።»

«ሕጉን ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ… እንጃ።»

ወንድሜ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። የቧንቧ ውሃ ነክቶታል፤ አሸንፏል፤ ይጨፍራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ማጅራቱን እያከከ መሬት መሬቱን ያያል።

«አባባ ብቻቸውን አይደሉም» አለ። «እኔም ማታ ማታ ስገባ መኪና በማጥብበት ባልዲ አጠጣው ነበር።»

«ልታበሰብሰው?»

«አይ… ማለቴ…»

«ልታድነው ነው ልትገድለው? አንዱን ተናገር!»

«አትጩሂብኛ! ሲደርቅ ሳየው ደስ ሊለኝ ሲገባ አልለኝ አለ። አጠጣሁት። ካጠጣሁት በኋላ ደግሞ ምናለ በበሰበሰ እላለሁ። እኔም አላውቀውም።»

የሚዋሽ ቢመስለኝ ባልዲውን ራሱ ላይ በደፋሁለት ነበር። አልመሰለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሟገት የምመታውን ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ያን ጠዋት አጣሁ።

«ይፍረዱ» አልኳቸው አባባን።

«በየትኛው አፌ?»

«እንግዲያው እኔ ልፍረድ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አያጠጣም፤ እኔም ጭምር። አፈሩ ይድረቅ። የተረፈው ካንሰራራ ግቢው የጎመን ነው። ካላንሰራራ ሲሚንቶህን አምጣ።»

«ለመድረቅ ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለ ወንድሜ።

«እንጃ።»

«አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?»

«አስተማሪ ነኝ አልኩ እንጂ ጎመን ነኝ አልኩህ?»

ፀሐይ እንዲያገኘው ጭዱን ከአፈሩ ላይ መግፈፍ ጀመርኩ። ወንድሜ ሥራው እየረፈደበት ቆሞ ቆየና፣ ከወዲያኛው ጫፍ አጎንብሶ ይገፍፍ ጀመር። አባባ በየተራ አዩን፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቧንቧው ሄደ።

«ቲማቲሙን ብቻ… ትንሽ…»

«አባባ!» አልን ሁለታችንም።