ግራጫው ሰም

ኬሚስቷ ዞድዋ የቀመመችው የብረት ዱቄት ፋብሪካውን ጉድ አሰኘው። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ጋዝ ወደ ነዳጅና ወደ ሰም የሚቀይረው ይኸው ዱቄት ነው፤ የእሷ ከድሮው ይልቅ የላመ ስለሆነ ከዚያው ጋዝ ሲሶ ያህል ብልጫ አስገኘ። ሰኞ ትልልቆቹ ሰዎች ከጆሃንስበርግ መጥተው ሊያጸድቁት ነው።

ረቡዕ ዕለት ግን ነጩ ሰም ውስጥ ግራጫ መስመር አየች። ዱቄቱ ከመላሙ የተነሳ ማጣሪያውን አልፎ ወጥቷል። ሰም እንደለበሰ ከቆየ ጨዋ ነው፤ ሰሙ ሳስቶ አየር ሲነካው ግን ያለ ክብሪት ይነዳል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«እስከ ሰኞ ዝም በይ» አላት አለቃዋ ቴርቲየስ ስትነግረው። «ከዚያ ማጣሪያውን እንቀይራለን። አሁን ካወራሽ የሦስት ዓመት ልፋትሽን ውሃ በላው!»

ዝም አለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያኔ ነበር፤ ግን እንደ እሷ ሹመት ደጃፉ ላይ የቆመለት ሰው ተረት አይሰማም።

ዓርብ ከምሳ በኋላ እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ ማሲቢያ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ሴቶቹ የፋብሪካውን ትርፍራፊ ሰም ከላምባ ጋር አቅልጠው ወለል ይወለውሉበታል። ሰሙ ከግቢ እንዲወጣ በየሳምንቱ የምትፈርመው ዞድዋ ናት፤ የዚህ ሳምንቱንም ማክሰኞ ፈርማለች።

«ዶክተሯ መጣች!» አሉ ማሲቢያ። «የዛሬው ጠቆር ይላል፤ ማብረቅረቁ ግን! ጎረቤቶቼን ቅናት ሊገድላቸው ነው።»

ዞድዋ ጎንበስ ብላ ወለሉን በጣቷ ዳበሰች። «እማ፣ የወለወልሽበት ጨርቅ የት አለ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነዋ። ደግሞ ጨርቅ መቁጠር ጀመርሽ?»

እጇን ሰደደች። ላይኛው ጨርቅ ይሞቃል፤ ከሥር ያለው ይፋጃል። ሳጥኑን ጎትታ ግቢው ላይ ገለበጠችው። ነፋስ ሲያገኘው የጨርቁ ጠርዝ ቀላ፤ ከዚያ ነደደ።

«ኧረ በስመ አብ! ማን ለኮሰው?»

«እማ፣ ሰሙን ለማን ለማን ሰጠሽ?»

«ለአርባ ቤት። ለሕፃናት ማቆያውም ሰጥቻለሁ፤ ጠዋት ወልውለን ጨርቁን ከፍራሾቹ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትነው። አሁን ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ናቸው።»

«ረቡዕ ዐውቄ ነበር፣ እማ» አለች ዞድዋ።

ማሲቢያ አልሰሟትም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከማቆያው ጣሪያ የሚወጣውን ጭስ እያዩ ነበር።