ድመቷን ያየችው አያት

የልጅ ልጄ ዩሻን እኔ ዘንድ መሆኗን ከእኔና ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ጥላው የመጣችው የእጮኛዋ የቦሩይ መልእክት ስልኬ ላይ ብቅ ሲል መጀመሪያ የጠረጠርኩት ግድግዳውን ነው። ዞር ብዬ አየሁት፤ እውነቴን ነው።

«እማማ፣ እንደምን ከርመዋል? ለዩሻን ድመቷ ምግብ መቅመስ ጀምራለች ይበሉልኝ» ይላል። ይህ ልጅ ሁሌም ቃሉ ለስላሳ ነው። በልጅ ልጄ ክንድ ላይ ያየሁት የበለዘ ምልክትም የዚሁ የለስላሳው ሰው ጣት ነበር።

ሁለት ጊዜ ጥላው ወጥታ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። አሁንም ከተመለሰች በእግሯ የምትወጣ አይመስለኝም። ለዚህ ነው የስልክ ቁጥሯን ቀይራ፣ ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ፣ በሻይ ማሳው መሀል አቋርጣ ቤቴ የገባችው። ፎቁ ላይ ናት፤ መስኮት አትከፍትም፤ ልብሷን እንኳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የምናሰጣው። ታዲያ ማን ነገረው?

ጎረቤቴን ቺንሜይን ጠረጠርኩ። ዱባ ይዛልኝ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አይታለች። እንግዳ አለሽ እንዴ ብትለኝ አንዱ የባለቤቴ ነው፣ ለነፍሱ ያስቀመጥኩት ነው አልኳት። ሰውዬው ሞቶም ሩዝ መጨመር አልተወም እንዴ ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም። ከዚያ ወዲህ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የማናግራት። የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣና ሰፈሩ ሁሉ ከረጢቱን ይዞ ሲወጣ፣ የማን ዓይን የኔ ከረጢት ላይ እንደሚያርፍ እከታተል ጀመር። የዩሻንን የሻምፑ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነበር የምጥለው።

በመጨረሻ የጠረጠርኩት ራሷን ዩሻንን ነው። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ከሰዓት በኋላ ፍራፍሬ ይዤላት ስገባ ላፕቶፔን ቀጭ አድርጋ ትዘጋዋለች። ትጽፍለታለች አልኩ በልቤ። ልትመለስ ነው አልኩ።

«ክፈቺው» አልኳት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ።

«ምንም የለም እኮ አያቴ።»

«ምንም ከሌለ እሱኑ ምንሙን አሳዪኝ።»

ከፈተችው። ድመት ናት። ዶውሁዋ፣ ያቺ እንደ አኩሪ አተር እርጎ ነጭ የሆነችው ድመቷ፣ ስትወጣ ይዛት መውጣት ያልቻለቻት። ቦሩይ በድመቷ ስም ገጽ ከፍቶ በየቀኑ ፎቶ ይለጥፋል፤ ዛሬም አልበላችም፣ ዛሬም በሩን ስታይ ዋለች እያለ። ዩሻን ግን ማየት ብቻ ነው ያየችው። ስሟን አላስገባችም፤ ቃል አልጻፈችም። የከፈተችው የታየውን ሁሉ ማሽኑ ላይ በማያስቀረው፣ ድብቅ በሚባለው የብራውዘር መስኮት ነው፤ ያውም በቤቱ የኢንተርኔት መስመር ሳይሆን በአዲሱ ስልኳ በኩል። በዚያ ላይ ማንነትን ስለሚሸፍን መከለያ ያነበበችውን ሁሉ ማሽኑ ላይ ጭናበታለች፤ ይህንን የሚከለክል፣ ያንን የሚያግድ። ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም አለችኝ።

እኔም ተናድጄ፣ በይ እንግዲህ ማሽኔን መልሺልኝ፣ የሻይ ትዕዛዝ የማየውም በሱው ነው አልኳት።

«የቱ ጋ ነው የምታዪው?»

«ቦሩይ የሠራልኝ ገጽ ላይ ነዋ። በየጠዋቱ በስሜ ገብቼ አያለሁ።»

ላፕቶፑን ቀጭ አድርጋ ዘጋችው። ገጹን የሠራልኝ አማቼ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሻዬን የሚሸጥልኝ ገጽና የድመቷ ገጽ በአንድ ሰው እጅ መሆናቸውን እኔም አላሰብኩት፣ እሷም በየጠዋቱ እዚያ እንደምገባ አታውቅም።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ገጹ የሰውየውን ስም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ማሽኑን ነው የሚጠይቀው። ማያህ ስንት ይሰፋል? ቋንቋህ ምንድን ነው? ምን ምን ዓይነት ፊደል ተጭኖብሃል? እስቲ አንድ መስመር ሣልልኝ። ማሽኑ ደግሞ የዋህ ነው፣ ሁሉን ይመልሳል። አንዱ ለብቻው ምንም አይናገርም፤ ሲደመር ግን መልክ ይሆናል። ጠዋት በስሜ የሚገባውና ከሰዓት ድመቷን በድብቅ የሚያየው መልክ አንድ ሆኖ አግኝቶታል። ድብቁ መስኮት ቤት ውስጥ የቀረውን ወረቀት ይጠርጋል እንጂ ይህን መልክ አይለውጥም።

ይሄማ ገባኝ። በሻይ ለቀማ ወቅት ሴቶቹ ከፀሐይ ሽሽት ባርኔጣ ደፍተው፣ ፊታቸውን በአበባማ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን ሸፍነው ነው የሚወጡት፤ ከዓይን በቀር የሚታይ የለም። እኔ ግን ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ቺንሜይን በትከሻዋ፣ ምራቷን በአለቃቀሟ እለያለሁ። አንዷ ሰው እንዳያውቀኝ ብላ ሁለት ባርኔጣ ብትደርብ ደግሞ ተራራው ሁሉ ይለያታል። ዩሻን የጫነችው መከለያ ሁሉ ሁለተኛው ባርኔጣ ነው።

የኔ ጣጣ ይብሳል። እናቴ በሃካ ቋንቋችን የምትዘፍናቸው ዘፈኖች ቃል በተራ ማሽን ሲጻፍ ባዶ ሳጥን እየሆነ ስላስቸገረኝ፣ ዘፈኖቹን የምጽፍበት የባህል ክፍል መምህር ማንም የማይጠቀምባቸውን የፊደል ቅርጾች ጭኖልኛል። እንዲህ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ፣ እነዚያ ፊደሎች ያሉበት፣ በምንኖርባት ደሴት ላይ ሁለተኛ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ዩሻን ተነስታ ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ትወረውር ጀመር። ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ቆዪ። ያወቀው ማሽኑን ነው ወይስ የሚነካውን እጅ?»

«ማሽኑን።»

«እንግዲያው እጁ የኔ ነው።»

ቦሩይ እንደሚመጣ አልተጠራጠርኩም፤ ሳያይ የሚያምን ሰው አይደለም። ድብቁን መስኮት መክፈት አስተማረችኝ። ሦስት ቁልፍ አብሮ መጫን ነው፤ ሦስተኛው ሁሌ ይጠፋኛል። ጫማዋን አንስቼ ከሩዙ ማድጋ ኋላ ደበቅሁት።

ቅዳሜ መጣ። በአንድ እጁ የአናናስ ኬክ፣ በሌላው የድመት ሣጥን። ጫማውን ሲያወልቅ ዓይኑ የጫማ መደርደሪያው ላይ ቀረ። አምሮብዎታል አለኝ፤ ሻዩ እንዴት ነው፣ ሻዩን የሚያጣፍጠው ተባይ ዘንድሮ ቅጠሉን በደንብ ነክሶታል ወይ አለኝ። ዩሻን እንደምን ናት ሲለኝ፣ አንተ ጋ አይደለችም እንዴ አልኩት። ፈገግ አለ።

«ከዚህ ቤት ድመቷን በየቀኑ የሚያይ ሰው አለ፣ እማማ።»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? በድብቁ መስኮት? በስልክ መስመር?»

«የቤቱ መስመር ከሰዓት ይደክማል። ደግሞ ድመቷን እንዳየሁ እንድታውቅብኝ አልፈለግሁም። የልጅ ልጇን ሁለቴ ያስቀየመ ሰው ድመት ናፈቀቻት ከምባል ብደበቅ አይሻለኝም?»

«እስቲ ያሳዩኝ» አለ ለስለስ ብሎ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጣቶቼን ያይ ነበር፣ ማያውን አይደለም። ሁለቱን ቁልፍ ያዝኩ፤ ሦስተኛው ጠፋኝ። መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጠረግሁ፤ ጊዜ ለመግዛት ነው። መልሼ ሳጠልቀው ፊደሏ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ጥቁሩ መስኮት ወጣ። የገጹን ስም በአንድ ጣት ለቀምኩት። ዶውሁዋ ብቅ አለች።

ሣጥኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እንዲህ ከወደዷት ትሰንብትልዎት» ብሎ ከፈተው።

ድመቷ ወጣች። ቦሩይ ግን ድመቷን አያይም፤ የሚያየው ደረጃውን ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ለስጦታ አላመጣትም። የዩሻን ጠረን ያለው ከላይ ነው፤ ድመቷ ደረጃውን ከወጣች አበቃ።

አፍንጫዋን አነሳች። ወደ ደረጃው ሁለት እርምጃ ሄደች። እኔ ወንበሬን ጎትቼ ተነሳሁ፤ ሆን ብዬም ይሁን ሳላስበው እንጃ፣ ወንበሩ ተንኮታኩቶ ወደቀ። ድመቷ ደንግጣ ለሙታኖቻችን ከሚታጠንበት የመሠዊያ ጠረጴዛ ሥር ገባች። እዚያ ሆና ታለቅስ ጀመር፤ እንደ ሕፃን ነው የምታለቅሰው። ከላይ ምንም አልተሰማም። ሻይ አፈላሁለት። ጠጣ። ድመቷ ታለቅሳለች፣ እሱ ደረጃውን ያያል፣ ከላይ ምንም የለም።

በመጨረሻ በኋላ እግሯ ጎትቶ አወጣት። የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከላይ አሁንም ምንም።

«አልለመደችዎትም» አለ።

«ሣጥኗ ውስጥ አድርጋት። በፎቶ ትበቃኛለች።»

መኪናው ኩርባውን እስኪያልፍ ጠብቄ ወደ ላይ ወጣሁ። ዩሻን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፎጣ በጥርሷ ነክሳ አገኘኋት። አላለቀስኩም አለችኝ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ያመነኝ መስሏት ነበር፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው ተመልሶ ይመጣል አልኩ። በዚያው ዕለት ወደ ቺንሜይ ሄድኩና አፌ እየተሳሰረ ሻይ የምታደርስበትን መኪና ለመንኳት። ለማን ብላ አልጠየቀችኝም። «ነፍሱ ዛሬ ልትሄድ ነው?» ብቻ አለች። ጎድጓዳ ሳህኑን ካየችበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፤ ለማንም አልተነፈሰችም። እኔ ነኝ በር ገርበብ ያደረግሁባት።

ዩሻን የት እንደወረደች አልጠየቅሁም፤ የማላውቀውን ማንም ከአፌ አያወጣውም። የሚሸፋፍነውን ሁሉ ትታ፣ ተጠቃሚውን ሁሉ አንድ መልክ የሚያስመስል ብራውዘር ይዛለች፤ ምንም አትጨምርበትም፣ ምንም አትቀንስበትም። የኔን ፊደሎችም ልታጠፋቸው ነበር፤ እምቢ አልኩ። ያ መልክ አሁን የኔ ነውና እንዳለ ይቆይ። እሷ ግን የድመቷን ገጽ በየትኛውም ማሽን እንዳትከፍት ቃል አስገባኋት። እኔ አይልሻለሁ አልኳት።

በየቀኑ ከሰዓት፣ ሦስቱን ቁልፍ ተጭኜ አያለሁ። ካቆምኩ ይጠረጥራል።

ትናንት ደወለች። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ፤ የምትጠይቀው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ፎቶው ፊቴ ተከፍቷል። የዶውሁዋ የጎድን አጥንት ይቆጠራል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከሥሩ «ትጠብቅሻለች» ተብሎ ተጽፏል።

«ወፍራለች» አልኳት። «ሆዷ መሬት ሊነካ ነው።»

«እውነትሽን ነው አያቴ?»

«ምነው፣ አሁን ደግሞ እኔን ልትጠረጥሪ ነው?» አልኳት፤ ድብቁን መስኮትም ዘጋሁት።