ከጥቀርሻ የወጣ ሐምራዊ

ሰብሪና የደብረ ብርሃንን ብርድ አታምነውም። የቆላ ልጅ ናትና፣ ብርድ ያገኘው ነገር ሁሉ የሚበላሽ ይመስላታል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብልቃጧን ከላቦራቶሪው ቁም ሳጥን አውጥታ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ታኖራለች።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሐምራዊ ፈሳሽ የሁለተኛ ዲግሪዋ ሁለመና ነው። አባቷ ሐጂ ሙኽታር እዚያ ቆላ፣ በዓሊዩ አምባ ገበያ ራዲዮና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። በጋውን ሙሉ የሞተ ድንጋይ እየለቀሙ ላኩላት፤ ለገበያተኛውም «ልጄ ከጥቀርሻ ጌጥ ታወጣለች» እያሉ አወሩ። እሷም የድንጋዮቹን የካርቦን ዘንግ እየነቀለች፣ አየሩ ተመጥጦ ሂሊየም በተሞላ ዕቃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አተነነችው። የተነነው ካርቦን ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ይያያዛሉ፤ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ሆነው እንደ ኳስ ቆዳ ይሰፋሉ፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ድቡልቡል ጎጆ ይሆናሉ። ዕቃው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ቶሉይን በሚባል ፈሳሽ ዘፍዝፋ ስታጠልለው፣ ጎጆዎቹ የሟሙበት ያ ሐምራዊ ወጣ። ሂሊየሙም በዚያው አለቀ፤ ሌላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

አባቷ ሊያዩት በሚመጡበት ቀን ብልቃጡን ብታነሳው ቡናማ ሆኗል።

አማካሪዋ ዶክተር ዘርአ ዳዊት አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ብርሃንና አየር አንድ ላይ አገኙት። ኦክስጅን ጎጆው ላይ ተለጥፎበታል። ብርዱማ ምን ያደርገዋል? ጨለማ ነበር የሚፈልገው» ብሏት ወጣ። ሰብሪና አፈረች፤ ልታለቅስም ትንሽ ቀራት።

መደርደሪያው ላይ ፐርማንጋኔት የሚባል ኬሚካል የሟሟበት ብልቃጥ አለ። እሱም ሐምራዊ ነው፤ እንዲያውም ከእሷ ፈሳሽ ይበልጥ ያምራል። አባቷ በምን ያውቃሉ? እጇን ሰደደች። ይሄኔ በሩ ተንኳኳ።

ሐጂ ሙኽታር የዒድ ኮታቸውን ለብሰዋል። «የታለ?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ሰብሪና እጇን መለሰችና ቡናማውን ሰጠቻቸው።

«ሻይ ነው እንዴ?»

«እሱ ነው አባ። ሐምራዊ ነበር። ብርድ እንዳይነካው ብዬ ፀሐይ ላይ እያኖርኩ እኔው አበላሸሁት።»

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አቅርበው አገላበጡት። ኋላም ሳቁ። «ወይ የቆላ ልጅ! ምን ታድርጊ፣ እኔንስ ስመጣ ጎረቤላ ላይ ብርዱ ሊገድለኝ አልነበር?» ከዚያ አንድ ከባድ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የሞቱ ድንጋዮች ናቸው። «ባዶ እጄን አልመጣሁም። ኢንሻአላህ ደግመሽ ታወጪዋለሽ።»

ሰብሪና ፌስታሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሂሊየሙ ማለቁን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

«ኢንሻአላህ» አለች።