ጎኑ የተቀደደው ቦርሳ

የቦርሳ መስፊያ ቤቱ ቆራጭ በጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውን ሸራ በመቀስ መቁረጥ ሊጀምር ሲል፣ ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ ገብቶ ከጀርባው ያወረደውን ቦርሳ አጠገቡ አስቀመጠ።

"ዚፑ አስቸገረኝ፤ ትቀይሩልኛላችሁ?"

ቆራጩ ቦርሳውን ገልበጥ አድርጎ ሲያይ ደሙ ፈላ። የራሱ የእጅ ሥራ ነው። ጎኑ ግን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ተቀዶ፣ ከአሮጌ ጃኬት የተነቀለ ዚፕ በወፍራም ክር ተሰፍቶበታል።

"ማን ነው እንዲህ የተጫወተበት?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ቦርሳ እኮ የሚከፈተው ከላይ ነው!"

"እሱማ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው።"

ሰፊዎቹ ሳቃቸውን ለማፈን ወደ ስፌት መኪናቸው አቀረቀሩ። የሥራ ቤቱ ባለቤት የቆራጩ ታላቅ እህት ናት። "ቀይርለትና ይሂድ፤ ሸራው እየጠበቀህ ነው" አለችው። ሸራው የተነጠፈው አንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ለሞተረኞቹ በሙሉ ላዘዘው ቦርሳ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ገጥሟቸው አያውቅም፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ቆራጩ ዚፑን መንቀል ጀምሮ ተወው። ስፌቱ ያስጠላል፤ ቦታው ግን እንዲሁ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም። ነገሩ ከነከነው።

"ና እስቲ፣ እንዴት እንደምትጠቀምበት አሳየኝ።"

ደጅ ወጡ። ሞተረኛው ቦርሳውን አንግቶ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ማንገቻ ለቀቅ አድርጎ ቦርሳውን በብብቱ ሥር ወደ ደረቱ አዞረና በተቀደደው ጎን እሽግ አወጣ። ከሞተሩም አልወረደም።

"አሁን በአዲሱ እኔ ልሞክር" አለ ቆራጩ።

ለትዕዛዙ የሠራውን፣ ከላይ የሚከፈተውን ናሙና አንግቶ ሞተሩ ላይ ወጣ። ክንዱ ማንገቻው ውስጥ ተቀረቀረ፤ ክዳኑ ፊቱን ሸፈነው፤ ከነሞተሩ ሊወድቅ ሲል ሞተረኛው ደገፈው።

"ኧረ ጉድ! ወንድሜ በገዛ ቦርሳው ታሰረ!" አለች እህቱ ከበሩ ላይ።

ሰፊዎቹ አሁን እንደልባቸው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ስንት ዓመት ሙሉ ቦርሳ የሚፈትሸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ዕቃ ጠቅጥቆና እጀታውን ጎትቶ ነበር። አፈረ፤ ግን ከማፈሩ ይልቅ ደስታው በለጠ። ሙያውን ሲጀምር የነበረው ጉጉት ተመልሶበታል።

ገብቶ ሸራውን ማጠፍ ሲጀምር የእህቱ ሳቅ ጠፋ።

"ምን ሆነሃል? ቅዳሜ እኮ ይረከቡናል! ሥራውን ለሌላ ቢሰጡትስ? እነዚህን ልጆች ምን ብዬ ላሰናብታቸው?"

"ይህንን ከቆረጥኩ ሞተረኞቹ ሁሉ ምላጭ ገዝተው ነው የሚጠብቁን።"

"የሠራኸው ግን ባዘዙን ልክ ነው።"

"ያዘዙንም ሰዎች እንደኔ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁማ።"

ስልኩን ገፋችለት። "አንተው ደውል። የኔ ድምፅ ይንቀጠቀጣል።"

ደወለ። ከወዲያ ያለው ሰው አጉረመረመ፣ ተቆጣም፤ በመጨረሻ ግን ከጎን የሚከፈት አዲስ ናሙና ነገ ይዞ እንዲመጣ ነገረው።

"የኔስ ዚፕ?" አለ ሞተረኛው።

ቆራጩ ወንበር ስቦ ከጎኑ አስቀመጠው።

"እሱ ቀላል ነው። ይልቅ ንገረኝ፣ ሌላስ የት ጋ መቅደድ አምሮህ ነበር?"