ትልቁ ድስት

ሐኪም ጨውና ቅባት ከከለከለኝ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ምሳዬ በውሃ የተቀቀለ ሩዝ ነው። በእንጨት ሥራ ቤታችን ሌሎቹ አምስቱ በጠረጴዛው ዙሪያ አብረው ሲበሉ፣ እኔ ከመጋዝ ማሽኑ ጀርባ ጣውላ ላይ ተቀምጬ የራሴን እበላለሁ። ማንም ሂድ አላለኝም። መጀመሪያ "እንብላ" ይሉኝ ነበር፤ "ብሉ" እላለሁ። ኋላ ኋላ ማለቱም ቀረ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤትም የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

በዝናቡ ወራት ወንዙ ሞልቶ ሦስት መንደር ጠረገ። የቀለም ቀቢያችን እህት እዚያ ነበረች። እሷ ተረፈች፣ ቤቷ ሄደ።

"ለሁለት ሳምንት የምሳችንን ገንዘብ እንስጣቸው" አለች ቀለም ቀቢዋ። "እነሱ የሚደርሳቸው ባዶ ሩዝ ነው። እኛም እሱኑ እንብላ።"

"ያለ ጨው?" አለ ሶፋ ሰፊው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር እንለዋለን።

"ያለ ጨው።"

"እሱንማ የሚችሉበት አባባ ናቸው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንድቀቅልላቸው ተስማሙ።

ሚስቴ ለእንግዳ ታወጣው የነበረውን ትልቁን ድስት ከአልጋ ሥር ጎትቼ በአሸዋ ፈተግኩት።

በመጀመሪያው ቀን አደልኳቸውና ሳህኔን ይዤ ወደ ጣውላዬ አመራሁ።

"የት ይሄዳሉ አባባ?" አለች ቀለም ቀቢዋ። "አብሳይ ጥሎን ይሄዳል እንዴ?"

ሚስማር ጠጋ አለልኝ። ተቀመጥኩ። ትከሻው ትከሻዬን ነካው።

አንዴ ጎረሰና ፊቱን አጨማደደ። "አባባ፣ ይኼ ከእንጨት ማጣበቂያው ኮላ በምን ይለያል?"

"ኮላ ይጣፍጣል" አልኩ።

ሳቁ። እኔ ደነገጥኩ። ሰው ማሳቅ እንደምችል ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቦታዬ እዚያ ሆነ። ቀለም ቀቢዋ ስለ እህቷ ታወራለች። ስለ ሚስቴ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ሬዲዮኑ፣ ውሃው እየጎደለ ነው፣ ሰዎቹም በቅርቡ ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ አለ።

"ምነው ትንሽ ቢቆይ" አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ክፍሉ ውስጥ ሰው ስለሌለ የሰማሁት እኔው ነኝ። ሬዲዮኑን ዘጋሁት። ምሳ የሚበላ ሰው አጠገቤ እንዲኖር ብዬ፣ የሰው ቤት ውሃ ውስጥ ይክረም ማለቴ ነው። ያን ምሽት ራት አልበላሁም።

በመጨረሻው ቀን ቀለም ቀቢዋ፣ "ሳምንት እንጨምር ወይስ ይብቃ? አባባ ይወስኑ" አለች።

ሁሉም አዩኝ። እኔ ሚስማርን አየሁ። ሱሪውን በገመድ አስሮታል። ጠዋት መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲስት አይቼዋለሁ።

"ይብቃ" አልኩ።

"ዕድሜ ይስጥዎት!" አለ ሚስማር። "መርፌ ልሆን አንድ ቀን ነበር የቀረኝ።"

ከሰዓት በኋላ ገንዘቡን የሚወስደው የእርዳታ መኪና መጣ። ገንዘቡን የተቀበለችው ሴትዮ አመሰገነችን፤ ተፈናቃዮቹ ያሉበት መጠለያ ውስጥ ግን ለብዙ ሰው የሚሆን ማብሰያ እንደቸገራቸው ተናገረች። ድስቱን አጥቤ ሰጠኋት። ስትጭነው ክዳኑ ተንኳኳ። መኪናው እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ ሩዜን በትንሿ ድስት ይዤ መጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እነሱ በጨውና በዘይት የተሠራውን ወጥ ከበቡ። ሚስማር እንደለመደው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

"አባባ፣ እንብላ" አለ።

"ብሉ" አልኩ።

አፌ ነው የቀደመኝ፤ የሰባት ዓመት ልማድ ነው። ቃሉን ልመልሰው አልቻልኩም። ደግሞ ቢለኝ ብዬ ትንሽ ቆምኩ። እሱ ግን ቀድሞ ጎርሷል።

ጣውላዬ ላይ ሰጋቱራ ተከምሯል። ጠርጌ ተቀመጥኩ። ከማሽኑ ጎን ጠረጴዛው ይታየኛል። የለቀቀልኝ ቦታ ምሳው እስኪያልቅ ባዶ ነበር። በማግስቱም ባዶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሚስማር ክርኑን በዚያ ቦታ ላይ ዘረጋ።