አባይን ሳንወርድ

ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴ አውሮፕላን ፈርታ «አልሄድም» ስትል፣ «እንደ አውቶብስ ነው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም» አልኳት። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሩሃማ በዚያው ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነበር፤ «እማዬን ሳላይ አልገባም» ብላ ሐኪሞቹን አስቸግራለች። የአባይ በረሃ መንገድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስለዚህ ዋሸሁ።

አውሮፕላኑ ከደብረ ማርቆስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲነሣ ቆሜ አይቻለሁ። እስከ ቦሌ አርባ ደቂቃ ነው። አራት ተኩል ላይ ሊቀበላት የሄደው የሩሃማ ባል ይስማው ደወለልኝ።

«ሰው ሁሉ ወጣ። እማማ አሰገደች የሉም።»

«ዓይንህን ከፍተህ ፈልግ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ምን አጠፋ? ስልኳ ዝግ ነው። ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሣሁ እንጂ ለተማሪዎቼ ምን እንደጻፍኩ እኔም አላውቅም። ስድስት ሰዓት ላይ ሩሃማ ራሷ ደወለች።

«ወንድምዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። እማዬ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች፣ እየመጣች ነው» አልኳት። ሁለተኛው ውሸቴ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ይስማው ሲደውል እየሳቀ ነበር። የክፍሉ ደጃፍ ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

እናቴ ለካ የትም አልሄደችም። ሻንጣ የሚዞርበት አዳራሽ ጥግ ይዛ፣ ነጠላዋ ላይ ዳቦዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሻንጣዋን አላነሣችም፤ ለቁርስ በወረደበት ቦታ ጓዙን የሚያወርድ መንገደኛ የት አለ? ሌሎቹ ዕቃቸውን ይዘው ሲወጡ «እዚሁ ወራጆች ናቸው» ብላለች። ስልኳንም «ዝጉ» ያላት እንጂ «ክፈቱ» ያላት የለም። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ጠጋ ብላ፣

«እማማ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለቻት።

«ሾፌሩን ነዋ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁርስ ይበላል እንዴ? ሆዱ አይሞላም?»

«አዲስ አበባ ደርሰዋል እኮ።»

«ኧረ ወዲያ! አባይን ሳንወርድ?»

ለሰባት አሥር ጉዳይ ሲል እናቴ የሩሃማን እጅ ያዘች። እህቴ ይህን ሰምታ እየሳቀች ገባች፤ አሥር ሰዓት ላይ በሰላም ወጣች። ተመስገን! ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይታ እናቴ ደወለች። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ልጄ፣ እንዲህ ቅርብ ናት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ‹ሩቅ ናት› እያላችሁ ያስቀመጣችሁኝ ምነው?»

መንገዱን ባመካኝ፣ እኔም አንድ ቀን እንኳ ተነሥቼ አልሄድኩም።

«ለፋሲካ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

ይሄኛው ውሸት አይደለም። ሁለቱንም ቲኬት ቆርጫለሁ።